የታክ ዮንሂ ሽበት

በእኛ አገር በኮሪያ ሰው ማዕረጉን በደረቱ ላይ ቢያንጠለጥልም የሚያነብለት የለም፤ የሚነበበው ፀጉሩ ነው። ስለዚህም ታክ ዮንሂ የምትባል የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ፣ «ጀማሪ ነርስ» የሚል መታወቂያ አንጠልጥላ ወደ ክፍላችን የገባች ዕለት፣ ስድስታችንም ሕመምተኞች በተኛንበት አንገታችንን ደፋን። ከአጠገቤ የተኛው ካፒቴን ጉክ፣ ዕድሜውን በዓሣ ማስገሪያ መርከብ ላይ ፈጅቶ በመጨረሻ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ የጎድን አጥንቱን የሰበረው ሰው፣ ቀና ልበል ሲል ሕመሙ አስጮኸው።

«ዋና ነርሷ እኮ ናቸው! መምህር፣ ተነስ እንጂ፤ ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

«በየትኛው ዳሌዬ?» አልሁት። የተሰበረው ዳሌዬ በብረት ከተጠገነ ገና ጥቂት ቀኑ ነበር።

ካፒቴኑ ለባለ ነጭ ፀጉሯ ሴት እጅ ከነሣ በኋላ ከኋላዋ እጆቿን አጣምራ ወደ ቆመችው ልጅ ዞረ። «አንቺ የኔ ልጅ፣ እስቲ የገብስ ሻይ አምጪልኝ። ሞቅ ያለ ይሁን።»

ልጅቱ ፒዮ ሶላ ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የቀኑ ተረኞች አለቃም እሷው ነች። ከኋላ ሆና የመጣችው አዲሲቱን ጀማሪ ልትቆጣጠር እንጂ ሻይ ልታቀርብ አልነበረም።

«አባባ፣» አለች ጥርሷን ነክሳ፣ «አለቃዋ እኔ ነኝ። እሳቸው ዛሬ ነው የጀመሩት።»

ካፒቴኑ አንዴ ይችን፣ አንዴ ያችን አየና፣ «ታዲያ ለምን ሸበቱ?» አለ።

ጥያቄው የጅል ቢመስልም፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉ በሙሉ በልቡ ሲጠይቅ የሰነበተው ይህንኑ ነበር።

ታክ ዮንሂ በወጣትነቷ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሁለት ዓመት ከሠራች በኋላ ተዳረች። የባሏ ቤተሰብ ምራት ለአዳር ተራ ከቤት መውጣቷን እንደ ነውር ቆጠረው፤ የሥራ ፈቃዷም በቁም ሳጥን ውስጥ፣ በክረምት ብርድ ልብሶች መካከል ተቀበረ። ሕዝባችን እንዲህ ያለውን «የቁም ሳጥን ፈቃድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ስም በማውጣት ማን ይተካከለናል። ሁለት ወንዶች ልጆች አሳደገች። አማቷ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ ስትወድቅ፣ እስክትሞት ድረስ አገላበጠች፣ አጠበች፣ በቱቦ መገበች። አማቷ በተቀበረች ማግስት ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

ሹማምንቱ በየመድረኩ «ነርስ አጣን፤ ቤት የተቀመጣችሁ ተመለሱ» እያሉ ያለቅሳሉ። ለተመለሰችው ያዘጋጁላት ግን ምድጃ ነው። በሆስፒታሎቻችን ነባሯ አዲሷን «ታቃጥላለች»፤ ቃሉ የራሳቸው ነው፣ አመድ እስክትሆን ድረስ ማለታቸው ነው። ከቃጠሎው የተረፈችም በተራዋ ከእሷ በኋላ የመጣችውን ታቃጥላለች። ይህንን ሥልጠና ይሉታል። ወጣቶቹ አመዳቸውን እያራገፉ ስለሸሹና ክፍሎቹ ባዶ ስለቀሩ፣ ሆስፒታሉ መሸሻ የሌላትን አንዲት ሴት ለአንድ ወር ሙከራ ቀጠረ። ቸርነት ብሎ የሚጠራው ካለ፣ የታረደ በግ ሲገዛም ቸርነት ሊለው ይችላል።

ሶላ የምታቃጥለው በመተላለፊያው መካከል፣ ሁላችንም በምንሰማበት ነበር።

«ሲስተር ታክ፣ እዚህ የመጡት ሊማሩ ነው ወይስ ሊጦሩ?»

«ልማር ነው፣ ሲስተር።»

«ታዲያ ይችን የጉሉኮስ ማሽን ስንት ጊዜ ላሳይዎት? ገጠር ያለችው አክስቴ እንኳ በስልኳ ልብስ ታዛለች።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ! የሰርግ ዘፈን መሰለዎት እንዴ? በሉ ምሳውን ይተዉትና ማሽኑ ጋ ይቁሙ።»

ለእውነት ስንል እንናገር፤ ዮንሂ ዘገምተኛ ነበረች። የኮምፒዩተሩን ቁልፎች በአንድ ጣቷ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ደም ሥርም ትስታለች። ክንዴን ሁለት ጊዜ ወግታ ሁለቴም አልፋዋለች፤ የወጋችበት ቦታም እንደ በሰለ ፕሪም ጠቁሮ ሰነበተ። ካፒቴኑማ ትሮሊዋን ሲያይ ክንዱን ብርድ ልብስ ውስጥ ይደብቃል። መጀመሪያ «እርስዎ» እያለ የሰገደላት ሰው ማዕረጓን ካወቀ በኋላ፣ «እኔን አትንኪኝ፣ መምህሩ ጋ ሂጂ፤ እሱ የተማረ ሰው ነው፣ ይችላል» ይላት ጀመር። ሶላ ደግሞ ምላሷ እሳት ቢሆንም እጇ ስቶ አያውቅም፤ ይህንን መካድ አይቻልም።

የሽበቷ ጣጣ ግን አልቆመም። ወደ ክፍሉ የሚገባ ዘመድ ሁሉ ለዮንሂ ይሰግዳል፤ የሕመምተኛውን ጉዳይ ይነግራታል፤ ይዞት የመጣውን የሩዝ ኬክ በሁለት እጁ ያቀርብላታል። ሶላን ደግሞ የአበባ ማስቀመጫ ፍለጋ ይልካታል። በመጨረሻ እውነተኛዋ ዋና ነርስ ናምጉንግ፣ አርባ አራት ዓመት የሞላት፣ ፀጉሯ እንደ ቁራ ላባ የጠቆረ ሴት፣ ዮንሂን በራችን ላይ አስቆመቻት።

«ሲስተር ታክ፣ ፀጉርዎን ያቅልሙ።»

«ቀለም አይስማማኝም፣ ዋና ነርስ። ፊቴን ያሳብጠዋል።»

«ሁሉም ሴት ያቀልማል። እርስዎን ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚያሳብጠው?»

«አንድ ጊዜ ሞክሬው ዓይኔ ሁሉ ተዘግቶ…»

«እዚህ ሥርዓት አለ። ሰው ለእርስዎ እየሰገደ የተረኞች አለቃን ውሃ አምጪ ብሎ የሚልክ ከሆነ ይህ ሆስፒታል አይደለም፣ ገበያ ነው። የሙከራ ጊዜዎ ከማለቁ በፊት ጠቁረው ይምጡ፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።»

ናምጉንግ ከሄደች በኋላ ዮንሂ የደም ግፊቴን ልትለካ ተጠጋች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ በምራትነት ዘመኗ ፊቷን መዝጋት ሳትለምድ አልቀረችም።

«ለምን አትተይውም?» አልኋት። «ቤት አለሽ፣ ልጆችሽ አድገዋል።»

«ሌላ ሆስፒታል አይቀበለኝም፣ መምህር። ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ ቁም ሳጥን ነው።» የክንድ ማሰሪያውን ነፋችው። «አማቴን ያን ሁሉ ዘመን ሳስታምም ሰፈሩ በሙሉ ‹ምን የመሰለች ምራት› አለኝ። ልጆቼ ሲታመሙ ‹ምን የመሰለች እናት› ተባልሁ። ነርስ ያለኝ የለም። ሳልባል መሞት አልፈልግም፤ ሌላ ምንም የለኝም።»

ከዚያም፣ «ግፊትዎ ጥሩ ነው» ብላ ሄደች።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲቃረብ የዳይሬክተሩ እናት ታመሙ።

ስለ ወይዘሮ ጓክ ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል መናገር ይበቃል፦ ሆስፒታሉ የቆመበት መሬት በባላቸው ዘመን የጨው ማድረቂያቸው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ሆስፒታሉን ጨው እንደሚያወጣላቸው ኩሬ ይመለከቱታል። ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሰባተኛው ፎቅ ላይ፣ የክቡራን ክፍል በሚባለውና ምንጣፍ በተነጠፈበት ቦታ ተኝተው፣ ወጣት ነርስ በገባች ቁጥር «የጎረቤት ልጅ ላኩብኝ?» እያሉ ይመልሷት ነበር። ዳይሬክተሩ በሌላው ሰው ፊት እንደ ነብር የሚንጎራደድ ሲሆን በእሳቸው ፊት ግን ጫማው ሲጮህ እንኳ ይደነግጣል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ለራጅ ሲወርዱ ተሽከርካሪ ወንበራቸው በእኛ በር ፊት አለፈ። ልጃቸው ይገፋቸዋል፤ ናምጉንግ የጉሉኮሱን ዘንግ ይዛ ትከተላለች። ዮንሂ ከክፍላችን የቆሸሹ አንሶላዎች ታቅፋ ወጣች። ወይዘሮዋ እጃቸውን አነሡ፤ ወንበሩ ቆመ። ነጩን ፀጉር ከላይ እስከ ታች ካጤኑ በኋላ፣ ወገባቸው የፈቀደላቸውን ያህል አጎንብሰው እጅ ነሡ።

«እንደምን አሉ፣ ዋና ነርስ። ከመጣሁ ጀምሮ እርስዎን ነው የምጠብቀው። ልጄ ልጃገረድ ብቻ እየላከብኝ አስቸገረኝ እኮ።»

ዮንሂ አፏን ከፈተች። «እኔ አይደለሁም፣ እማማ፤ እኔ…»

«እሳቸው ናቸው፣ እማዬ!» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ዋናችን ናቸው። በጣም ትሑት ስለሆኑ ነው።»

የሌላ አገር ሰው ይህን ቢያይ፣ «አንድ ቃል ተናግሮ ስሕተቱን ማረም ምን ገደደው?» ይል ይሆናል። እኛ ግን እናውቃለን። ማረም ማለት ለሰማንያ ሰባት ዓመት እመቤት በሕዝብ ፊት «ለጀማሪ አጎነበሱ» ብሎ መንገር ማለት ነው፤ ይህንን ከሚናገር ምላሱን የሚውጥ ይበዛል። ናምጉንግ አልተናገረችም። ያደረገችው ነገር ቢኖር ዘንጉን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ በደረቷ ላይ ያለውን መታወቂያ መሸፈን ነው። ሃያ ዓመት የለፋችበትን ማዕረግ፣ ሰው እርቃኑን እንደሚሸፍን ሸፈነችው።

«እንግዲያውስ ደግ፣» አሉ ወይዘሮዋ፤ እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ። «ይኸ መርፌ ከልቡ አልተተከለም፣ ያቃጥለኛል። እርስዎ ይንቀሉና ይትከሉልኝ። አሁኑኑ፣ እዚሁ።»

ዮንሂ ዳይሬክተሩን ተመለከተች፤ ዳይሬክተሩ ጣሪያውን። አንሶላዎቹን አስቀምጣ እጇን ታጥባ መጣች፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ላስቲኩን አሰረች፤ በአልኮል ጠረገች። ካፒቴኑ ከጎኔ፣ «የባሕር አምላክ ይርዳት፤ ትስታለች» አለ በሹክሹክታ።

ሳተችው።

ባልቴቷ ክንዳቸው ላይ የፈሰሰችውን ደም አዩ። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ የእኛን ሰው አስተሳሰብ ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበርና።

«አዎ፣» አሉ ወይዘሮ ጓክ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ታየኝ። እውነተኛ ዋና ነዎት። ባሌም ሦስት መቶ ሠራተኛ ሲያዝ አካፋ መያዝ አይችልም ነበር። የበላይ ሰው እጁ ይፈታል፤ የደንቡ ነው። ይተዉት፤ ከልጆችዎ አንዷን ይዘዙ።»

እንዲህ ባለ አገር አላዋቂነት እንኳ እንደየባለቤቱ ማዕረግ ይተረጎማል! ትናንት በጀማሪዋ ላይ ያስጮኸ ስሕተት፣ ዛሬ ለዋናዋ የሹመት ማስረጃ ሆነ።

«ሲስተር ሶላ፣» አለች ዮንሂ ዝግ ብላ፣ «እባክዎን።»

ሶላ መጣች። በአንድ ጊዜ ተከለችው፤ ወይዘሮዋ አልተሰማቸውም። ልጅቱን ሲመረምሯት ቆይተው፣ «እጅሽ ጥሩ ነው። ማን ነው ያስተማረሽ?» አሏት።

የሶላ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ። ዳይሬክተሩ ሳል ሳል አለው። ልጅቱ ወደ ዮንሂ ዞራ ጎንበስ አለች።

«ዋና ነርሷ ናቸው።»

«ያስታውቃል፣» አሉ ወይዘሮ ጓክ፣ የዮንሂን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ። «በደንብ አቃጥለዋታል።»

ወንበሩ ሄደ። ካፒቴን ጉክ ሳቁን ሊይዝ ቢሞክር የጎድን አጥንቱ ከዳውና ሁላችንንም የሚያስበረግግ ጩኸት አሰማ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ታክ ዮንሂ የሙከራ ጊዜዋን «በላቀ ብቃት» ማለፏን፣ ከእንግዲህም ቋሚ ሠራተኛ መሆኗን አበሠረ። የተመደበችው ሰባተኛ ፎቅ ነበር። ሥራዋም መቆም ነው፤ የክቡራን ዘመዶች ሲመጡ በሊፍቱ በር ትቀበላለች፣ ትሰግዳለች፣ እናቱ ሲጠሯት ቀርባ «አቤት» ትላለች። መርፌ እንዳትነካ ታዘዘች። ዳይሬክተሩም አክሎ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ፀጉራቸውን ቀለም እንዳይነካው!» አለ። ባለፈው ሳምንት ጥቁረት ያዘዘችው ናምጉንግም አጨበጨበች።

«ሰው በሽበቱ ተሾመ!» አለ ካፒቴኑ ወሬው ሲደርሰው። «እኔ እኮ በዚህ ፀጉሬ አድሚራል መሆን ነበረብኝ።»

ዮንሂ ከሰዓት በኋላ ልትሰናበተን ወረደች። አዲስ የተተኮሰ ጋወን አልብሰዋታል፤ ኮሌታው አንገቷን ይዞታል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኋት፤ ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

«ደሞዙ ከዚህኛው ይሻላል» አለች። «ሥራው ሽንኩርት መላጥን ያህል እንኳ አያደክምም። አማቴም እንዲሁ ነበር የምታቆመኝ፤ እንግዳ ሲመጣ በር ላይ፣ በሐር ልብስ።» መስኮቱን ስታይ ቆየች። «ደም ሥራቸውን የሳትሁት ትንሽ ወደ ግራ ሄጄ ነው፣ መምህር። አሁን ገብቶኛል። ግን ማን ላይ ልሞክረው?»

አንድ ሳምንት ያህል ቆመች። ለመራመድ ልምምድ ወደ ላይ በወሰዱኝ ጊዜ አየኋት፤ ከትልቁ የአበባ ማስቀመጫ አጠገብ እጆቿን አነባብራ ቆማለች። ከሁለቱ የትኛው ውሃ እንደሚጠጣ መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ጸጥ ብላለች።

የሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ቁርስ እየበላን ሳለ፣ ከመተላለፊያው የናምጉንግ ጩኸት ተሰማ። የሞተ ሰው ያየች ነበር የሚመስለው። ወዲያውም አንዲት ሴት በራችን ላይ ታየች። ፀጉሯ ጫማ ማሳመሪያ የተቀባ ይመስል ጥቁር ነው፤ ጥቁረቱ ግንባሯና ጆሮዋ ላይ ሳይቀር ፈስሷል። ፊቷ ግን እንደ ሊጥ ተነፍቷል፤ ዓይኖቿ ሁለት ቀጫጭን ስንጥቅ ሆነዋል፤ የላይኛው ከንፈሯ አፍንጫዋን ሊነካ ደርሷል።

«ቦክስ ነው?» አለ ካፒቴኑ፣ የኪምቺ ጎመኑን ሰሃን እንደያዘ። «ሌላኛዋስ እንዴት ሆነች?»

«‹ፊቴ ያብጣል› ብለውኝ ነበር እኮ!» አለች ናምጉንግ ከኋላዋ እየሮጠች። «ምን ነካዎት?»

«ሁሉም ሴት ያቀልማል ብለውኝ ነበር፣ ዋና ነርስ፣» አለች ዮንሂ ባበጠ አፏ። «እኔም ሴት ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ወረደ፤ አያት፤ ተመልሶ ሊያያት አልቻለም። ይህንን ፊት በምንጣፉ ላይ አቁሞ የክቡራን ዘመዶች እንዲሰግዱለት ማድረግ የሚታሰብ አልነበረም። ሊያባርራትም አልቻለም፤ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በላቀ ብቃት ያሳለፋት ራሱ ነው፤ ከዚያም በላይ እናቱ በየቀኑ «ዋናዪቱ የት አሉ?» እያሉ ይጠይቁታል። «አባረርኋት» ካለ ማንን እንዳባረረ መናገር ይኖርበታል። ስለዚህ የበላዮቻችን ሁሉ አጣብቂኝ ሲገጥማቸው የሚያደርጉትን አደረገ። ለእናቱ፣ «ሴኡል ለትልቅ ስብሰባ ተጠርተዋል» አላቸው፤ ለዮንሂ ደግሞ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ «እስኪሻልዎት ድረስ እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ይሥሩ» አላት።

ዮንሂ አጎነበሰች። ባበጠው ፊቷ ላይ ፈገግታ ይኑር አይኑር ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ይህም በሽታው የሰጣት ብቸኛ ጥቅም ነበር።

እብጠቱ ከቀን ወደ ቀን ጎደለ። ሽበቱ ግን ከሥሩ ብቅ ሲል ደግማ አቀለመችው፤ ደግማም አበጠች። ዳይሬክተሩም ስብሰባው እንደ ተራዘመ ለእናቱ ነገራቸው። ጥቁር ፀጉር ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። አሁን የሚሰግድላት የለም፤ ጋወኗን የሚያይም የለም። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሁሉ ከሕመምተኛ አጠገብ ከምታድረው ተቀጣሪ አስታማሚ ጋር ያምታታትና፣ «እትዬ፣ ሽንት መድፊያውን!»፣ «እትዬ፣ መስኮቱን!» ይላታል። ከዋና ነርስነት ወደ እትዬነት ስትወርድ በመካከል ባለው የነርስነት ደረጃ ላይ ያስቆማት አልነበረም።

ሶላ ማቃጠሏን አላቆመችም። እንዲያውም በዚያ መተላለፊያ ላይ ያቀረበችውን ስግደት ልታስመልስ የፈለገች ይመስል ብሶባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም ወደ አልጋዬ መጡ፤ ጉሉኮሴ ሊቀየር ነው።

«ላስቲኩ ላልቷል፣ ሲስተር ታክ።»

«አጠብቀዋለሁ።»

«ደም ሥሩን በዓይንዎ አይፈልጉ። ዓይንዎ አብጧል፤ ጤነኛ እያለም አልረዳዎትም። በጣትዎ ይፈልጉ።»

ዮንሂ ስንጥቅ ዓይኖቿን ጨፈነች። ጣቷ በክንዴ ላይ ተመላለሰ፤ ቆመ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ አለ። መርፌው ገባ፤ ደሙ በቱቦው ጫፍ ብቅ አለ። ትንፋሿ በእጄ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። ሶላ አጎንብሳ አየች፤ ነቀፌታ ስትፈልግ ቆየችና በመጨረሻ አገኘች።

«ፕላስተሩ ጠማማ ነው።»

በዚህ መካከል በሩ አጠገብ በዚያው ቀን የተኛው፣ ሙሉ ልብሱን ገና ያላወለቀ ነጋዴ እጁን አጨበጨበ። «እትዬ! አንቺ እትዬ! ውሃ አትሰጪኝም? ስንት ጊዜ ልጥራ?»

ዮንሂ ልትሄድ ተንቀሳቀሰች። ሶላ ክንዷን ያዘቻት፤ ወደ ሰውየው ስትዞር ድምፁ ያው በመተላለፊያው የምናውቀው፣ ግድግዳ የሚልጠው ድምፅ ነበር።

«እትዬ አይደሉም፣ ነርስ ናቸው! ዘገምተኛ ነርስ ናቸው፤ ኮምፒዩተር የማይገባቸው ነርስ ናቸው፤ ግን ነርስ ናቸው። ውሃ የፈለገ አስታማሚውን ይጥራ!»

ሶላ ወደ እኛ ተመልሳ በጣቷ ወደ ክንዴ አመለከተች።

«አልሰሙኝም እንዴ? ጠማማ ነው አልኩ።»

«ሰምቻለሁ፣ ሲስተር፣» አለች ታክ ዮንሂ። ፕላስተሩን ከነክንዴ ፀጉር ላጠችና እንደገና፣ ቀጥ አድርጋ ለጠፈችው።